ጎማ ሊቀይርልኝ ቸርኬዬን በላው!

ስለ ፍቅር መካሪ ሞልቷል፤ ስለ ፀጉርና ስለ ቆዳም እንደዚያው። ስለ ጎሚስታ ግን ማን መከረን? ማንም! እኔም ሳልመከር በራሴ ላይ... ምን በራሴ፣ በወንድሜ መኪና ላይ ተማርኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለጓደኛዬ ሠርግ ሐረር ስወርድ ታላቅ ወንድሜ መኪናውን አዋሰኝ። ያቺ መኪና ሁለተኛ ሚስቱ ናት። በተለይ አራቱን የአሉሚኒየም ቸርኬዎች በጥርስ ብሩሽ ነው የሚያጥባቸው ብል ብዙም አልዋሸሁም። የፊቶቹ ጎማዎች አልቀው ስለነበር ሁለት አዲስ ገዝቶ ከኋላ ጭኖልኛል። "ጊዜ ስታገኝ አስቀይራቸው። ጥሩ ሰው ጋ ግን! ቸርኬው ላይ ጭረት ባይ..." አለና አልጨረሰውም።

ሐረር በደረስኩ ማግስት "ጥሩ ሰው" ፍለጋ ወጣሁ። ጀጎል ውስጥማ አይታሰብም። አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ግንቡን ሲያስገነባ ሰውና አህያ እንጂ መኪና መች አሰበ! ከዋናው መንገድ ፈቀቅ ካላችሁ ክንዳችሁን ስትዘረጉ ሁለቱን ግድግዳ የምትነኩበት መተላለፊያ ነው። "መኪና ግርግር" የሚባለው ሰፈር እንኳ ስሙን ያገኘው ከልብስ ስፌት መኪና ነው። እናም ከግንቡ ውጪ፣ አስፋልት ዳር ካሉት ጎሚስታዎች አንዱ ጋ ቆምኩ። ለምን እሱ ጋ? ሰልፍ ስላልነበረው! ሌሎቹ ጋ ለምን ሰልፍ እንዳለ ራሴን አልጠየቅኩም።

"ስንት ደቂቃ ይፈጃል?"

"አቦ አሁን ነው!"

እውነትም አሁን ነበር። ቸርኬውን በፊቱ ደፍቶ ጠጠር ላይ ጣለው። ወጣበት። የመፈልቀቂያ ብረቱን ያለ ምንም ጨርቅ ቸርኬው ከንፈር ላይ ሰክቶ ተንጠለጠለበት። አዲሱ ጎማ አልገባ ሲለው በመዶሻ ነረተው፤ አሁንም እንቢ ሲለው ከጣሳ የተቃጠለ ዘይት ቀባው። እኔ? ስልኬን እየነካካሁ ነበር። ዘይት ጎማን እንደሚበላ፣ ጎማውም ቸርኬው ላይ እንዲንሸራተት እንደሚያደርግ ያወቅኩት በኋላ ነው።

በነጋታው ጠዋት አንዱ ጎማ ተኝቷል። ተመልሼ ሄድኩ። ሰውየው አልደነገጠም። "አቦ ከመነዳሪ እንክተትበት፣ ያልቃል!" አለኝ። ወጣቶች፣ ይህን ቃል ስትሰሙ ንቁ! ያለ ከመነዳሪ ለሚሠራ ጎማ ከመነዳሪ መክተት የተጣመመውን ቸርኬ አያቃናውም፤ ይሸፍነዋል እንጂ። ውስጥ ለውስጥ ሲፋተግ ይግላል፤ ሲፈነዳም ሳያስጠነቅቅ ነው። እኔ ግን "እሺ" አልኩ። ሠርግ ነዋ!

ከሰዓት በኋላ ሦስት ሚዜዎች ጭኜ ሱፍ ልናመጣ ወደ ድሬዳዋ ጉዞ። አወዳይን ስናልፍ መሪው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሙዚቃውን ከፍ አደረግነው። ሐረማያን ስናልፍ መሪው ወባ እንደያዘው ሰው ሆነ። ደንገጎ፣ ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ስንደርስ ከሚዜዎቹ አንዱ "ለእግዜር ስትል አቁም!" አለኝ። ወርጄ የጎማውን ዳዶዎች ነካሁ። ሁለቱ በጣቴ ተሽከረከሩ። በጣቴ! ድሬዳዋ ከሐረር 600 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች፤ እዚህ ያለው ገደል ደግሞ እንደምታውቁት ነው። ለጥቂት ደቂቃ ማናችንም አልተናገርንም።

ዳዶዎቹን አጠባብቄ፣ ሚዜዎቹን ሚኒባስ አሳፍሬ፣ እኔ በኤሊ ፍጥነት ወደ ሐረር ተመለስኩ። አሁን ማንን ልመን? ፈረስ መጋላ ቆሜ ሳስብ ዓይኔ አንዲት ፔጆ 404 ታክሲ ላይ አረፈ። የፔጆ ፋብሪካ ይህን መኪና ፈረንሳይ ውስጥ የሠራው እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1975 ነው። ይህን ያህል ዘመን በአንድ መኪና እንጀራ የበላ ሰው ቸርኬ የማይበላ ጎሚስታ ካላወቀ ማን ሊያውቅ ነው?

ሾፌሩ ሸምገል ያሉ ናቸው። "ጋሼ፣ እርስዎ የሚያሠሩት..." ብዬ ስጀምር ሳቁ። "አቦ 'አንተ' በለኝ፣ ሐረር ነው ያለኸው!" አፌ እምቢ አለኝ እንጂ! ቸርኬውን በጣታቸው ዳሰስ አደረጉና "ማነው እንዲህ ያኘከው?" አሉ።

ምክራቸው ይኸው። አዲስ ጎሚስታ ጋ መኪናህን ይዘህ አትሂድ፤ በእግርህ ሂድ። ሻይ አዝዘህ ተቀመጥና የሌላ ሰው ቸርኬ ሲሠራ እይ። የሳሙና ውኃ አለው? ቸርኬው ሥር አሮጌ ጎማ ወይም ጆንያ ያነጥፋል? ዳዶ የሚያጠብቀው ዙሪያውን በተርታ ነው ወይስ በመስቀለኛ፣ ማለት አንዱን ከዚያ ፊት ለፊቱን? "ማሽን አለን" ቢሉህም አትታለል፤ ማሽኑ ቸርኬውን የሚነካበት ቦታ ፕላስቲኩ ካለቀ ያው ብረት ነው።

እሳቸው የወሰዱኝ ጎሚስታ ጋ ታዲያ... ሰልፍ! አርባ ደቂቃ ቆምኩ። ተራዬ ሲደርስ ልጁ መጀመሪያ የአዲሱን ጎማ ጎን አነበበ። መጨረሻ ላይ ያሉት አራት አሃዞች ጎማው የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2323 ካለ በ2023 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት ማለት ነው። የመሽከርከሪያ አቅጣጫውን ቀስትም አየ። ከመነዳሪውን አውጥቶ ወረወረው። ዘይቱን በሳሙና አጠበ፤ የቸርኬውን ጠርዝ በሽቦ ብሩሽ ሳይሆን በጨርቅ ወለወለ፤ ከዚያ የጎማውን አንድ ጎን እየረገጠ ወደ ቸርኬው መሃል ጎድጓዳ ሲያስገባው ሌላው ጎን ያለ ጉልበት፣ በእጁ ብቻ ገባ። ነፋና ሳሙና ውኃ አፈሰሰበት። ከአንድ ቦታ አረፋው ቡልቅ ቡልቅ አለ።

"ከንፈሩ ተጣሟል። በመዶሻ ላቃናልህ እችላለሁ፤ አሉሚኒየም ግን ይሰነጠቃል። አልነካውም" አለኝና ስኮርታውን አሰረልኝ። የሠራበትን ብቻ ነው ያስከፈለኝ። መኪናው ስነሳ እየሮጠ መጥቶ በመስኮት "ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ስትሄድ ዳዶዎቹን እንደገና አጥብቅ!" አለኝ። አወዳይ ላይም፣ ጭሮ ላይም አጠበቅኩ፤ ፈሪ ሆኛለኋ!

አዲስ አበባ ስገባ ወንድሜ ሰላም እንኳ ሳይለኝ ኮፈኑን ከፍቶ የተጣመመውን ቸርኬ አወጣ። በአውራ ጣቱ ዙሪያውን ዳሰሰው። ረጅም ዝምታ።

"ጎሚስታው ማነው?" አለኝ።

"የቱ?" አልኩት።