በግራፎች ላይ ያሉ አሳላፊ ቀለሞች ምን ያመለክታሉ?

የአገልግሎት መጠበቂያ ጊዜን በሚያሳይ ግራፍ ላይ እያንዳንዱ አመልካች በአንድ ነጥብ ሲወከል፣ በዕድሜና በጠበቁት ቀናት ብዛት እኩል የሆኑ አመልካቾች ነጥቦች ይደራረባሉ። ቀለሙ ድፍን ከሆነ መቶ ሰው የሚገኝበት ቦታ አንድ ሰው ካለበት አይለይም፤ በመሆኑም የብዙዎች መጉላላት ከዕይታ ይሰወራል።

ይህን ለማስቀረት ግራፉ በአር ወይም በፓይተን ኮድ ሲዘጋጅ፣ «አልፋ» የተሰኘው የቀለም መጠን ከ0 (ፈጽሞ የማይታይ) እስከ 1 (ፍጹም ድፍን) ባለው ልክ ይወሰናል። አልፋ 0.1 ሲሆን ነጠላ ነጥብ ፈዛዛ ነው፤ አሥር ነጥቦች ሲደራረቡ ግን ድፍንነቱ ወደ 65 በመቶ ይደርሳል።

ስለዚህ የጠቆረ ቦታ የብዙ ሰው መኖሩን ያመለክታል። ሆኖም በዚሁ መጠን ከ50 በላይ ነጥቦች ሲደራረቡ ልዩነቱ በዓይን ስለማይለይ፣ ትክክለኛው ብዛት በቁጥር ጭምር መገለጹን እንድታረጋግጡ እናሳስባለን።