ገንዳ ውስጥ የምንገድለው ጉልበት

ከዲላ ወደ ቡሌ የወጣ ሰው አቀበቱን ጆሮው ሲደፈን ያውቀዋል። ዲላ 1,570 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የቡሌ ደጋ ከዚያ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። እንሰትና ቡና በዛፍ ጥላ አብረው የሚያድጉበት የጌዴኦ መልክዓ ምድር በ2016 ዓ.ም. መስከረም በዩኔስኮ መዝገብ ሲሰፍር ሁላችንም ደስ ብሎናል። ያው ተዳፋት ግን ብዙ ሰው ልብ ያላለው ሌላ ሀብት አለው፤ የመጠጥ ውሃ ቧንቧ ውስጥ ያለው መብራት።

አሠራሩ ቀላል ነው። ውሃው ተርባይን ያዞራል፣ ተርባይኑ ጄኔሬተር ያዞራል፣ ውሃው ሳይጎድል መንገዱን ይቀጥላል።

ብዙ ሰው የሚስተው ሌላ ቦታ ነው። "ቧንቧ ባለበት ሁሉ መብራት ይወጣል" ይባላል። አይወጣም! ውሃው ከጉድጓድ በፓምፕ የተሳበ ከሆነ የሚገኘው ለፓምፑ ከተከፈለው መብራት ላይ የተቆነጠረ ነው። የሚያዋጣው ከተራራ ምንጭ በራሱ ክብደት የሚወርድ መስመር ነው። "ግፊታችንን ይበላል" የሚሉም አሉ። እነሱን አንድ የግፊት መቀነሻ ገንዳ አጠገብ ባቆማቸው ደስ ይለኛል። የ100 ሜትር ቁልቁለት 10 ባር ግፊት ያመጣል፤ ብዙ የፕላስቲክ ቧንቧ ከዚያ በላይ አይችልም። ስለዚህ መሐንዲሱ በየመሐሉ ገንዳ ይሠራል፣ ውሃው እየጮኸ ገብቶ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። እንዲህ ያለ ገንዳ ክዳን ላይ እጄን አሳርፌ ንዝረቱ እስከ ክርኔ ተሰምቶኛል። ተርባይኑ የሚበላው ያንን፣ ሆን ብለን የምንጥለውን ግፊት ነው።

በሰከንድ 10 ሊትር 100 ሜትር ሲወርድ 10 ኪሎዋት ያህል ጉልበት አለው፤ ብክነቱ ሲቀነስ 5 ወይም 6 ይተርፋል። ሁለት የኤሌክትሪክ ምጣድ እንኳ አብሮ አይችልም፤ ለጤና ኬላ ፍሪጅና ለትምህርት ቤት አምፖል ግን ይተርፋል። ጎረቤታችን ሲዳማ ውስጥ ከወንዝ በተጠለፈ ውሃ የተሠሩት ትንንሽ ማመንጫዎችም ከ7 እስከ 55 ኪሎዋት ናቸው። በአሜሪካ ፖርትላንድ ከተማ ግን በጎርጎርዮሳዊው 2015 ዋናው የውሃ ቧንቧ ውስጥ የገቡት አራት ተርባይኖች 200 ኪሎዋት አቅም አላቸው።

ደግሞም ውድ ማሽን የግድ አይደለም። ተራ የውሃ ፓምፕ በመውጫው ውሃ ሲገባበት ወደ ኋላ ይዞራል፤ ሞተሩም በካፓሲተር ታግዞ ጄኔሬተር ይሆናል። ጎኑ ላይ ማለፊያ መስመር ይኑረው፤ ማሽኑ ሲቆም ቦኖው መቆም የለበትም።

ማሽኑን ለማቆም ቫልቭ የምትዘጉ ሰዎች ግን እባካችሁ ቀስ በሉ። በአንድ ጊዜ ቀጥ ያለ ውሃ የራሱን ቧንቧ ይመታል፤ የሚፈነዳውም ከእናንተ ርቆ፣ የሰው ጓሮ ውስጥ ሊሆን ይችላል።