እውነት ወይስ ተረት? የተፋላሚው ሕይወትና የካሜራው ዐይን

ኮሶዬ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከጎንደር ከተማ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ፣ ከፍታው ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋ ደጋ ነው። ከገደሉ አፋፍ ቁልቁል የአርማጭሆ ቆላ ይታያል፤ ጭላዳዎች ሣር ይነጫሉ። መንገደኛ መኪናውን አቁሞ ፎቶ የሚያነሳው ይህንን ነው። አጠገቡ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ የቆመውን ሰው ግን የመልክዓ ምድሩ ጌጥ አድርጎ ያየዋል እንጂ የአንድ ጥበብ ባለቤት ነው ብሎ አያስብም።

ስለ ማርሻል አርቲስቶች ሕይወት ተከታታይ ዘጋቢ ፊልም ይሠራ ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ የሚበረው ወደ ሻኦሊን ገዳም፣ ወደ ብሩስ ሊና ወደ ጄት ሊ ነው። እንዲህ ያለ ፊልም በአገራችን መሠራት አለበት ብዬ አምናለሁ፤ የመጀመሪያው ክፍል ከኮሶዬ ደጋ ቢጀምር ደግሞ ደስታዬ ነው። ካሜራው ከመከፈቱ በፊት ግን ከአእምሯችን ሊወጡ የሚገባቸው ተረቶች አሉ።

ተረት፦ ማርሻል አርት የቻይና፣ የኮሪያና የጃፓን ነው። እኛ ጦርነት እንጂ የፍልሚያ ጥበብ የለንም።

እውነት፦ ልምምድ፣ ሕግ፣ የራሱ መሣሪያና ትውልድ የሚቀባበለው ስልት ያለው ፍልሚያ ሁሉ ማርሻል አርት ነው። የሰሜኑ ደጋ ይህን በሚገባ ያውቃል። እረኞች ከብቱን ሜዳ ላይ አሰማርተው ትግል ይገጥማሉ፤ የወደቀው የራቀውን ከብት ሊመልስ ይሄዳል። እዚያ ሜዳ ላይ ልጁ ወገብ አያያዝን፣ እግር መጥለፍን፣ የባላጋራን ክብደት በራሱ ላይ መጠቀምን ያለ አሠልጣኝ ይማራል። ዱላውም እንዲሁ ተቆርጦ የሚያዝ እንጨት አይደለም። ወይራው ተመርጦ ይቆረጣል፣ በእሳት ይቃናል፣ ቅቤ ይጠጣል። እንዴት እንደሚመከትበት፣ እንዴት እንደሚሰነዘር የሚያውቅ ሰው በአካባቢው ስም አለው።

ፈረስ ጉግስን እንውሰድ። ፈረሰኞች በሁለት ይከፈላሉ። አሳዳጁ በሙሉ ግልቢያ ዘንግ ይወረውራል፤ ተሳዳጁ ፈረሱን ሳያዘገይ ወደ ኋላው ዞሮ በጋሻው ይመክታል። ልጓም፣ ጋሻና ሚዛን በአንድ ጊዜ! ይህ ችሎታ በአንድ ወቅት የጦር ሜዳ ልምምድ ነበር፤ ጨዋታ የሆነው ኋላ ነው። የጎበጠው ሾተልም ከጋሻ ጀርባ ያለውን ሰው እንዲደርስበት ሆኖ የተሠራ ነው፤ ይህም ማለት አንድ ሰው ስለ ጋሻና ስለ ክንድ እንቅስቃሴ ብዙ አስቦበታል ማለት ነው። ጀግናው በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ። አፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 በቆረቆሩት ጎንደር፣ ከመዋኛው አጠገብ የፈረሳቸው የዞብል መቃብር ነው የሚባል ትንሽ ሕንፃ ዛሬም ቆሟል።

ይህ ሁሉ ተረስቶ የቀረ ነገርም አይደለም። ትግል፣ ገና፣ ፈረስ ጉግስና ፈረስ ሸርጥ በኢትዮጵያ ባህል ስፖርቶች ፌዴሬሽን ሥር ሕግ ወጥቶላቸው ውድድር ይካሄድባቸዋል። የጎደለው የባለቤቶቹን ሕይወት የሚከተል ካሜራ ነው።

ተረት፦ ቴኳንዶን ያመጡልን ወደ ኮሪያ ጦርነት የሄዱት የቃኘው ሻለቃ ዘማቾች ናቸው።

እውነት፦ የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ፑሳን የገባው እ.ኤ.አ. በግንቦት 1951 ነው። ቴኳንዶ የሚለው ስም ራሱ የወጣው በ1955 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት በኮሪያ የተለያዩ ማሠልጠኛዎች በየራሳቸው ስም ያስተምሩ ነበር። ዘማቾቻችን ኮረብታ ለኮረብታ የተዋጉት በጠመንጃና በሳንጃ ነው። ለእነሱ ክብር ለመስጠት ያልሠሩትን መጨመር አያስፈልግም፤ የሠሩት ይበቃል።

ተረት፦ ጥቁር ቀበቶ ያገኘ ሰው እጁ እንደ ጦር መሣሪያ ፖሊስ ዘንድ ይመዘገባል።

እውነት፦ በአገራችን እንዲህ ያለ ምዝገባ የለም። ጥቁር ቀበቶን ያስተዋወቀው የጁዶ መሥራች ካኖ ጂጎሮ ነው፤ ማሠልጠኛውን ኮዶካንን የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1882 ነበር። አንደኛ ዳን ማለት መሠረቱን ጨርሶ ለእውነተኛው ትምህርት የተዘጋጀ ተማሪ ማለት ነው። በቴኳንዶ ከዚያ በኋላ እስከ ዘጠነኛ ዳን ይኬዳል፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሸጋገርም የተወሰነ ጊዜ መጠበቅ ግድ ነው። ለፊልም ሠሪ ይህ ትልቅ ስጦታ ነው። ቀበቶው የሚታሰርበትን ቀን ብቻ ቀርጾ የሚሄድ ባለሙያ መጽሐፉን ከመግቢያው ላይ ዘግቶታል።

ተረት፦ ዶንጋ እስከ ሞት የሚደረግ፣ ሕግ የሌለው ድብድብ ነው። የባህል ፍልሚያ ሁሉ እንዲሁ የጥንት አረመኔነት ቅሪት ነው።

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ የዚህ ተረት አባት ራሱ ካሜራው ስለሆነ።

በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የሚኖሩት ሱሪዎች ዶንጋ የሚሉት የዱላ ግጥሚያ ጥብቅ ሕግ አለው። ዳኞች አሉ። የወደቀን መምታት ክልክል ነው። ባላጋራውን የገደለ ሰው ጀግና አይባልም፤ ከባድ ካሣ ይጠብቀዋል። ስለ ሱሪዎች ለብዙ ዓመታት ያጠናው ሆላንዳዊው አንትሮፖሎጂስት ዮን አቢንክ እንደጻፈው፣ ግጥሚያው የወጣቶችን ጉልበት በሥርዓት የሚገራ ነበር፤ ሚዛኑን ያናጋው ከሱዳን ጦርነት ጋር ወደ አካባቢው የጎረፈው ጠመንጃ ነው። እንግዲህ የባህሉን ፍልሚያ አረመኔ የምንል ከሆነ፣ ሕግ የነበረው ዱላው እንደነበርና ሕግ ያጣው ጠመንጃው እንደሆነ ማስታወስ አለብን። ቱሪስት ሲበዛ ደግሞ ለካሜራ ተብሎ የሚዘጋጅ ግጥሚያ መጣ። ተመልካቹ ደሙን ያያል፤ ከግጥሚያው በፊት የተደረገውን ዝግጅት፣ በኋላ የሚደረገውን እርቅ፣ ልጁ ማን እንደሆነ፣ ስንት ከብት እንደሚጠብቅ አያይም።

ከመተማ ማዶ በሱዳን የሆነው ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። እንግሊዛዊው ፎቶ አንሺ ጆርጅ ሮጀር እ.ኤ.አ. በ1949 በኮርዶፋን የኑባ ትግለኞችን አነሳ። ድል ያደረገው ትግለኛ በጓደኛው ትከሻ ላይ ተቀምጦ የሚታይበት ፎቶ በዓለም ዙሪያ ታወቀ። ያንን ፎቶ ካዩት አንዷ ለናዚዎች የፕሮፓጋንዳ ፊልም የሠራችው ሌኒ ሪፈንሽታል ነበረች። ከትግለኞቹ ጋር እንዲያገናኛት ለሮጀር ገንዘብ አቀረበችለት። ሮጀር በ1945 የቤርገን ቤልሰንን የናዚ ማጎሪያ ካምፕ በካሜራው ያየ ሰው ነውና እምቢ አለ። እሷ ግን በራሷ መንገድ ሄዳ የኑባዎችን ፎቶ በ1973 በመጽሐፍ አሳተመች። አሜሪካዊቷ ጸሐፊ ሱዛን ሶንታግ ከሁለት ዓመት በኋላ በጻፈችው ትችት፣ በእነዚያ ውብ ፎቶዎች ውስጥ የቀድሞውን የጉልበትና የገላ አምልኮ አየችው። እኔም በዚህ እስማማለሁ። ትግለኛውን ጡንቻው ብቻ አድርጎ ማሳየት፣ ምስሉ ምንም ያህል ቢያምር፣ ሰውን ከሰውነቱ መግፈፍ ነው።

ተረት፦ ዘጋቢ ፊልም ማለት ግጥሚያውን ቀርጾ፣ ሙዚቃ ጨምሮ፣ አሸናፊውን ማነጋገር ነው።

እውነት፦ የግጥሚያ ቀን ከተፋላሚው ሕይወት ትንሿ ክፍል ናት። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ1983 በስምንት ክፍል ያቀረበው የጦረኛው ጎዳና የተሰኘ ተከታታይ ዘጋቢ ፊልም እስካሁን የሚጠቀሰው በየአገሩ እየሄደ መምህራኑን በኖሩበት፣ ባሠለጠኑበት ቦታ ስላሳየ ነው። በሕንድ የኬረላ ክፍለ ግዛት ካላሪፓያት የሚባለውን የፍልሚያ ጥበብ የሚያስተምሩት ሰዎች ሐኪምም ናቸው፤ ሰይፍ የሚያስይዙት እጆች በዘይት ያሻሉ፣ የተሰበረ ይጠግናሉ። የእኛ ወጌሻስ? በትግል የወለቀ ትከሻ ወደ ቦታው የሚመለሰው በእሱ እጅ ነው። ስለ ትግል የሚሠራ ፊልም ወጌሻውን ካላካተተ ታሪኩን ግማሽ አድርጎታል።

ጊዜን በተመለከተ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አላውቅም። መሐመድ አሊና ጆርጅ ፎርማን እ.ኤ.አ. በ1974 በኪንሻሳ ሊገናኙ የነበረው መስከረም 25 ቀን ነበር። ፎርማን በልምምድ ላይ ከዐይኑ በላይ ተተረተረና ግጥሚያው ወደ ጥቅምት 30 ተዛወረ። ዳይሬክተሩ ሊዮን ጋስት የሄደው በዋናነት ከግጥሚያው ጋር የተዘጋጀውን የሙዚቃ ድግስ ለመቅረጽ ነበር። በዚያ የመጠበቂያ ጊዜ ግን ካሜራው አሊን ከሕዝቡ ጋር፣ ከልጆች ጋር፣ ከራሱ ጋር ሲነጋገር አገኘው። ከዚያ በገንዘብና በሕግ ጣጣ ፊልሙ ተይዞ ቀረ፤ ለሕዝብ የታየው ከ22 ዓመት በኋላ በ1996 ነው፤ ኦስካርም አገኘ። ዛሬ ሰው የሚያስታውሰው ቡጢውን ብቻ አይደለም፤ መዘግየቱ የሰጠውን ያንን ሁሉ ጭምር ነው።

በአገራችንም ሯጮቻችን ይህን ዕድል አግኝተዋል። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው የጄሪ ሮትዌል ፊልም የበቆጂ ልጃገረዶችን ለዓመታት ተከትሏል። ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ስለ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የተሠራው ፊልም ደግሞ የልጅነቱን ታሪክ በዘመዶቹ እያስተወነ፣ ኃይሌን ራሱን እያሳየ የተቀረጸ ነው። ማስተወን ነውር አይደለም፤ ተመልካቹ የቱ የተተወነ፣ የቱ የሆነ እንደነበር ማወቅ ግን መብቱ ነው። ፍልሚያ ላይ ሲደርስ ይህ ጥንቃቄ እጥፍ ይሆናል። ለካሜራ ተብሎ የተደገመ ምት ሰውን ሊሰብር ይችላል፤ በእውነተኛ ግጥሚያ ያልወደቀን ሰው ለምስል ብሎ መጣልም በጎረቤቶቹ ፊት ማዋረድ ነው። ደጋው ላይ ይህ አይረሳም።

የቴኳንዶ ተፋላሚዎቻችንስ? ሰለሞን ቱፋ በ2013 ዓ.ም. ክረምት በቶኪዮ ኦሎምፒክ በ58 ኪሎ ኢትዮጵያን ወክሎ ተወዳድሯል። ውድድሩ ደቂቃዎችን ብቻ ይወስዳል፤ እዚያ ለመድረስ የፈጀው ግን ዓመታት ነው። የእሱንና የመሰሎቹን ልምምድ፣ የሳቡሙን (የአሠልጣኙን) ድካም፣ የእናት ስጋት ማን ቀረጸው?

ተረት፦ የባህል ትግል ተመልካች የለውም።

እውነት፦ ሴኔጋል ሂዱና እዩ። ላምብ የሚባለው የባህል ትግል በዚያ ከእግር ኳስ ጋር የሚፎካከር ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. ዳካር አጠገብ በፒኪን ከተማ ለትግል ብቻ የሚሆን፣ 20 ሺህ ሰው የሚይዝ ስታዲየም ተመርቋል። ሕዝቡ ትግለኞቹን በስም፣ በሠፈር፣ በአባታቸው ያውቃል፤ ምክንያቱም ቴሌቪዥኑ ከግጥሚያው በፊት ለወራት ስለ እነሱ ይናገራል።

እንዲህ ያለ ፊልም ለመሥራት አርአያ የሚሆነን ደግሞ ከጎንደር የወጣ ሰው ነው። ኃይሌ ገሪማ ጎንደር ተወልዶ ያደገ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ስለ ዐድዋ ዘጋቢ ፊልም የሠራ ዳይሬክተር ነው። ያንን ፊልም የሠራው በአብዛኛው ከሽማግሌዎች አንደበትና ከሥዕል ነው። አባቱ ገሪማ ታፈረ «ጎንደሬ በጋሻው» በሚለው መጽሐፋቸው የዚህን አካባቢ አርበኞች ታሪክ ጽፈዋል። አባት በብዕር፣ ልጅ በካሜራ! ስለ ጋሻው ባለቤት የሚተርክ ተከታታይ ፊልም ለመሥራት ከዚህ የተሻለ መነሻ ከየትም አናመጣም።

ስለዚህ ለፊልም ባለሙያዎቻችን አንድ ልመና አለኝ። በዚህ ዓመት ገንዘብ ባይኖር፣ ካሜራው ባይሟላ፣ ድምፅ መቅዳት ይቻላል። ጉግስ የጋለቡ፣ ገና የመቱ፣ ዱላ የመከቱ አዛውንቶች እያረፉ ነው፤ ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ ቅረጿቸው። አንባቢ ሆይ፣ በእርስዎም ቤት እንዲህ ያሉ አባት ወይም አያት ካሉ ስልክዎን ያውጡና ይጠይቋቸው፦ የፈረስዎ ስም ማን ነበር? መመከትን ማን አስተማረዎት? ዱላው ከምን እንጨት ነበር? የጣለዎት ማን ነው፣ ከዚያስ በኋላ እንዴት ታረቃችሁ? የቀረጹትን ቅጂ ለቤተሰቡ ይስጡ፤ ሌላውን በጥንቃቄ ያስቀምጡ።