ሁለት ቱቦ ያለው ቆሽት

አዳማ ውስጥ አልትራሳውንድ የሚሠራ ሐኪም በየማዘዣው ላይ የሚያነበው ቃል «ጨጓራ» ነው። ከመቂ፣ ከባቱ፣ ከመተሐራ የመጣው ታካሚ ኦሜፕራዞሉን ለወራት ውጧል። ሕመሙ ግን ከእምብርት በላይ ተነሥቶ ጀርባ ድረስ ይዘልቃል፣ ወደ ፊት ጎንበስ ሲል ነው ቀለል የሚለው። ይህን ስሰማ ከጨጓራው ኋላ የተኛውን ቆሽት እፈልጋለሁ።

ቆሽት በጽንስ ጊዜ ሁለት እምቡጥ ነው። በ7ኛው ሳምንት ገደማ የፊተኛው ዞሮ ከኋለኛው ጋር ይጋጠማል፣ ቱቦዎቻቸውም ይገናኛሉ። ዋናው ቱቦ የሚጠራው በቪርሱንግ ስም ነው። ሰውየው በ1642 እ.ኤ.አ. ፓዱዋ ውስጥ በሞት ከተቀጣ ወንጀለኛ ሬሳ ላይ አገኘው፤ በዓመቱ እሱንም ሰው ገደለው።

በአውሮፓና በአሜሪካ ጥናቶች ከ100 ሰው በ5 እስከ 10ሩ ቱቦዎቹ ሳይገናኙ ይቀራሉ፤ ይህ «የተከፈለ ቆሽት» ይባላል። ያኔ አብዛኛው የቆሽት ፈሳሽ በትልቁ ቀዳዳ ፋንታ በትንሿ ቀዳዳ በኩል ወደ አንጀት ይወርዳል። ከእነዚህ ሰዎች የሚበዙት ዕድሜ ልካቸውን ምንም አይሰማቸውም።

እኔን የሚያስጨንቀኝ አዲስ አበባ የተነሣው ኤምአርአይ «የተከፈለ ቆሽት» የሚል ጽሑፍ ይዞ ሲመለስ ነው። ቤተሰቡ በሽታው ተገኘ ብሎ እፎይ ይላል።

«ዶክተር፣ እንግዲህ ስፈጠር ጀምሮ ታምሜያለሁ ማለት ነው?»

«አይደለም ጋሼ። እንዲህ ተፈጥረው በጤና የሚኖሩ ብዙ ናቸው። መጀመሪያ አረቄውን እንነጋገር፣ የሐሞት ጠጠሩንና የደም ስቡን እንይ።»

ወስፋትም አለ፤ ቱቦ ውስጥ ሲገባ አልትራሳውንድ ላይ ሁለት ትይዩ ደማቅ መስመር ሆኖ ይታያል፣ አንዳንዴም ይንቀሳቀሳል። እነዚህ ሳይጣሩ ትንሿን ቀዳዳ በኢንዶስኮፒ ለመቅደድ መሮጥ አይታየኝም። ሂደቱ ራሱ ቆሽትን ሊያስቆጣ ይችላል።

ይህ ማለት ግን ልዩነቱ አይጻፍ ማለት አይደለም። ኢንዶስኮፒ የሚሠራው ሐኪም ሳያውቅ በትልቁ ቀዳዳ ገብቶ አጭር ጉቶ ብቻ ሲያገኝ ግራ ይጋባል፣ በኃይል የተረጨው ቀለምም ጉዳት ያመጣል። በጣም ብርቅ የሆነውን ደግሞ፣ ቆሽት የትንሹን አንጀት መነሻ እንደ ቀለበት ሲከበው፣ የሚጠቁመው ተራ ራጅ ነው፤ የሚያስመልሰው ጨቅላ ሆድ ውስጥ ሁለት የአየር ከረጢት ይታያል። ቀዶ ሐኪሙ ቀለበቱን አይቆርጥም፣ ውስጡ ቱቦ አለ። አንጀቱን አንጀት ላይ ቀጥሎ ያልፈዋል።

ሕመም ባይኖርም በዝምታ የማላልፈው አንድ አለ። የሐሞትና የቆሽት ቱቦ ከአንጀት ግድግዳ ውጭ ተገናኝተው ረጅም የጋራ ቱቦ ሲሠሩ የቆሽት ፈሳሽ ወደ ሐሞት ከረጢት ሽቅብ ይሄዳል፣ ዓመታት ሲቆይ ካንሰር ሊያስከትል ይችላል። እዚህ ላይ ሪፖርቴን ጽፌ አልተውም፤ ቀዶ ሐኪሙ ጋ ራሴ እደውላለሁ፣ ከረጢቱ አስቀድሞ እንዲወጣ።