የሰነበተው ፈንዲሻ

«ዓመል ያወጣል ከመሐል» ሲባል ጥፋቱ የባለ ዓመሉ ነው። ቢቆርጥ ይተወው ነበር እንላለን። ዴቪድ ኒል፣ ዌንዲ ዉድና ባልደረቦቻቸው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2011 አሜሪካ ውስጥ ያሳተሙት ጥናት ይህን ፍርድ ያናጋዋል። አጥኚዎቹ ለሲኒማ ተመልካቾች ፈንዲሻ አደሉ፤ ለከፊሎቹ ትኩስ፣ ለከፊሎቹ 7 ቀን የሰነበተ። ሲኒማ ቤት ፈንዲሻ መብላት ያልለመዱት ከሰነበተው የበሉት ጥቂት ነው። የለመዱት ግን የትኩሱን ያህል በሉት። ጣፍጧቸው እንዳይባል፣ ሲጠየቁ አልወደዱትም። ምላስ የፈረደውን እጅ አልሰማም። ሰነበት ያለ ፈንዲሻ በስብሰባ ክፍል፣ የሙዚቃ ቪዲዮ እየታየ ሲቀርብ ደግሞ ባለ ልማዶች እንደ ጣዕሙ በሉ። እንግዲህ ልማዱ የተቀመጠው በሰውየው ውስጥ ብቻ አይደለም፤ ገሚሱ በጨለማው አዳራሽና በወንበሩ ላይ ነው። «ለምን ይህን አደርጋለሁ?» ብሎ ራስን መመርመር ብዙ ጊዜ ፍሬ የሚያጣው፣ ቢያንስ በኔ ግምት፣ መልሱን የምንፈልገው ሐሳባችን ውስጥ ብቻ ስለሆነ ነው።

ፈንዲሻ ቀላል ነገር ነው፣ ሱስን ምን ይነካዋል የሚል አይጠፋም። ለእርሱ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የሊ ሮቢንስ ጥናት ነው። ቬትናም ዘምተው በጥናቱ ከተካተቱት የአሜሪካ ወታደሮች ከ5ቱ 1 ያህሉ እዚያ ሳለ በሄሮይን ሱስ ተይዞ ነበር፤ ከእነዚህ ውስጥ አገራቸው ከገቡ በኋላ በመጀመሪያው ዓመት ሱሱ ያገረሸባቸው 5 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። ቦታው ተለወጠ፣ ሱሱም ለቀቀ ለማለት ግን አያስቸኩልም። ሄሮይኑ እዚያ ርካሽ ነበር፣ እንደ ልብም ይገኝ ነበር፤ አገር ቤት አይደለም። የወታደሮቹ ታሪክ ብቻውን ማስረጃ የማይሆነው ለዚህ ነው። ፈንዲሻው ግን በሁለቱም ክፍል እጃቸው ላይ ነበር።

ታዲያ ፈቃድ ከንቱ ነው? አይደለም፤ ቦታውን ስተን ነው የምናሰማራው። እነኒል ሌሎች ባለ ልማድ ተመልካቾችን ባልለመዱት እጅ እንዲበሉ ሲያደርጓቸው፣ እዚያው ሲኒማ ቤት ውስጥ ከሰነበተው ፈንዲሻ የበሉት ቀነሰ። ማንም ራሱን አልገሠጸም፤ የእጁ መንገድ ብቻ ተሰናከለ። አዲስ ልማድ መትከል ይለያል፣ ጊዜ ይበላል። በ21 ቀን ይሆናል የሚባለው ወሬ መነሻው ማክስዌል ማልትዝ የተባለ የቀዶ ሕክምና ሐኪም እንደ አውሮፓውያኑ በ1960 የጻፈው ትዝብት ነው። ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ ለንደን ውስጥ በየቀኑ፣ በተመሳሳይ ሁኔታ አንድ ተግባር የሚደጋግሙ 96 ሰዎችን ሲከታተሉ ግን ተግባሩ ልማድ ለመሆን የሚፈጀው መካከለኛ ጊዜ 66 ቀን ሆነ፤ ግምቱ ከ18 እስከ 254 ይዘልቃል። አንድ ቀን መዝለል ይህን ያህል አላዘገየም።