የጃቫ ድረ ገጽ ፕሮግራሞች በሰርቨር ላይ አተካከልና አያያዝ፦ ከትምህርት መረጃ አሰባሰብ አንጻር

የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር በየዓመቱ የሚሞላው የስታቲስቲክስ ቅጽ ቀላል ሥራ አይደለም። የተማሪዎች ቁጥር በክፍልና በጾታ፣ የመምህራን የትምህርት ደረጃ፣ የመማሪያ ክፍሎችና የመጻሕፍት ብዛት አንድ በአንድ ተጣርቶ መግባት አለበት። ቅጹ በወረቀት ብቻ ይተላለፍ በነበረበት ጊዜ ቢጠፋ እንኳ የት እንደ ጠፋ መጠየቅ ይቻል ነበር፤ በወረዳው ሣጥን፣ በዞኑ መደርደሪያ ወይም በመንገድ ላይ። በኮምፒዩተር በሚሞላበት ጊዜ ግን ርእሰ መምህሩ ማስቀመጫውን ምልክት ከተጫነ በኋላ ቁጥሩ ወዴት እንደ ሄደና በማን እጅ እንዳለ አያውቅም። የዕቅድ ባለሙያውም ቢሆን ብዙውን ጊዜ ከዚህ የተሻለ ዕውቀት የለውም። ይሁን እንጂ በመጻሕፍት ሥርጭትና በመምህራን ምደባ ላይ የሚወሰነው ውሳኔ ሁሉ የሚመሠረተው በዚያ ቁጥር ላይ ስለሆነ፣ ከመስኮቱ በስተጀርባ ያለውን አሠራር በመጠኑም ቢሆን ማወቅ ተገቢ ይሆናል።

ለምሳሌ የሚወሰደው ዲ.ኤች.አይ.ኤስ. 2 የተባለው ፕሮግራም ነው። ይህ ፕሮግራም በኖርዌይ አገር በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ አስተባባሪነት የሚዘጋጅና በነጻ የሚታደል ሲሆን፣ ብዙ አገሮች የጤና ስታቲስቲክሳቸውን ይሰበስቡበታል። የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴርም በ2010 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ ላይ አውሎታል። እንደ ጋምቢያ ያሉ አገሮች ደግሞ ለትምህርት ቤቶች መረጃ ተጠቅመውበታል። የተጻፈው በጃቫ ቋንቋ ስለሆነ፣ ስለ አተካከሉ የሚነገረው አብዛኛው ነገር ለሌሎችም የጃቫ ድረ ገጽ ፕሮግራሞች የሚያገለግል ነው።

የፕሮግራሙ አካልና ማደሪያው

ጃቫ እ.ኤ.አ. በ1995 ሰን ማይክሮሲስተምስ በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ይፋ የሆነ የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2010 በኦራክል ተጠቃልሏል። የቋንቋው ልዩ ጠባይ፣ የተጻፈው ፕሮግራም በቀጥታ ወደ አንድ ዓይነት ኮምፒዩተር ቋንቋ አለመለወጡ ነው። በቅድሚያ ወደ መካከለኛ ቋንቋ ይለወጣል፤ ያንን መካከለኛ ቋንቋ የሚያስኬደው ደግሞ የጃቫ ምናባዊ መኪና የሚባለው ሌላ ፕሮግራም ነው። በዚህም ምክንያት በአንድ ቦታ የተዘጋጀ ፋይል በሊኑክስም ሆነ በዊንዶውስ ሰርቨር ላይ ሳይለወጥ ሊሠራ ይችላል።

ለድረ ገጽ የሚዘጋጅ የጃቫ ፕሮግራም አብዛኛውን ጊዜ ዋር በሚባል አንድ የታሸገ ፋይል ተጠቅልሎ ይመጣል። (ስሙ በእንግሊዝኛ ጦርነት ከሚለው ቃል ጋር ቢገጥምም ከድረ ገጽና ከማኅደር ስያሜ የተውጣጣ ምሕጻር እንጂ ከጦርነት ጋር ዝምድና የለውም።) በጥቅሉ ውስጥ ሁለት ዓይነት ነገር አለ። አንደኛው ለተጠቃሚው የሚታዩት ገጾችና ሥዕሎች ናቸው። ሁለተኛው ዌብ ኢንፍ በተባለ ክፍል የሚቀመጠው ፕሮግራሙ ራሱና ሌሎች ሰዎች የጻፏቸው ረዳት ቤተ መጻሕፍት ሲሆኑ፣ ይህ ክፍል ከውጭ ለሚጠይቅ ሰው በቀጥታ አይሰጥም።

ዋር ፋይል ብቻውን አይሠራም፤ ማደሪያ ያስፈልገዋል። ከማደሪያዎቹ ሁሉ በጣም የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1999 ለአፓቼ ድርጅት የተሰጠው ቶምካት ነው። ዋር ፋይሉ ቶምካት በሚያውቀው ማኅደር ውስጥ ሲቀመጥ፣ ቶምካት ጥቅሉን ፈትቶ ያስነሣዋል፤ የፋይሉም ስም የድረ ገጹ አድራሻ ክፍል ይሆናል። ከዚያም ቶምካት፣ ሌላ ትእዛዝ ካልተሰጠው በስተቀር፣ 8080 የሚል ቁጥር በተሰጠው በር ላይ ቆሞ ጥያቄ ይጠብቃል። ሕዝቡ የሚገባበት የተመሰጠረ ድረ ገጽ በር ግን ቁጥሩ 443 ነው። በሊኑክስ ሥርዓት ከ1024 በታች ያሉ በሮችን እንደ ልማዱ የሚከፍተው የበላይ አስተዳዳሪው ብቻ ሲሆን፣ ቶምካትን በበላይ አስተዳዳሪ ሥልጣን ማስኬድ ደግሞ አደገኛ ነው። ስለዚህ ኤንጂን ኤክስን የመሰለ ሌላ ፕሮግራም ከፊት ይቆማል፤ ጥያቄውን በ443 ተቀብሎ፣ ምስጢሩን ፈትቶ፣ በውስጥ መንገድ ለቶምካት ያስተላልፋል። ይህን የበር ጠባቂ ትቶ 8080ን ለዓለም መክፈት ለጊዜው ሥራ ያቀላል፤ ነገር ግን የርእሰ መምህሩ የይለፍ ቃል ሳይመሰጠር እንዲጓዝ ያደርጋል።

ስለ ማኅደረ ትውስታ

በሰርቨር ግዥ ላይ የሚደርሰው የተለመደ ስሕተት ከዚህ ላይ ይነሣል። 32 ጊጋባይት ማኅደረ ትውስታ ያለው ኮምፒዩተር ተገዝቶ ሲተከል ፕሮግራሙ ሁሉን ይጠቀማል ተብሎ ይታሰባል። የጃቫ ምናባዊ መኪና ግን መጠኑ ካልተነገረው በስተቀር በተለመደው አሠራር ለፕሮግራሙ ዕቃዎች የሚወስደው የኮምፒዩተሩን ማኅደረ ትውስታ ሩብ ያህል ብቻ ነው፤ ይኸውም 8 ጊጋባይት። ያ ሲሞላ ፕሮግራሙ በመጀመሪያ ይዘገያል፤ ምክንያቱም የማያስፈልጉ ዕቃዎችን ለመጥረግ ጊዜውን ያጠፋል። በኋላም ቦታ አለቀ ብሎ ሥራውን ያቆማል። በአንጻሩ ሁሉንም ለጃቫ መስጠት የባሰ ነው። የመረጃ ቋቱ በዚያው ኮምፒዩተር ላይ ካለ ይታነቃል፤ ሊኑክስም ማኅደረ ትውስታ ሲያልቅበት ካሉት ሥራዎች አንዱን መርጦ ይገድላል። የሚመረጠውም ብዙውን ጊዜ ትልቁ፣ ማለት ፕሮግራሙ ራሱ ነው።

ሌላው ወሰን የአስተናጋጆች ቁጥር ነው። ቶምካት በተለመደው አቀማመጥ በአንድ ጊዜ እስከ 200 ጥያቄ ድረስ ያስተናግዳል፤ ፖስትግሬስ የተባለው የመረጃ ቋት ግን በተለመደው አቀማመጥ የሚቀበለው 100 ግንኙነት ነው። በዓመቱ መካከል ይህ ልዩነት አይታወቅም። የመረጃ ማስገቢያው የመጨረሻ ቀን ሲደርስና የወረዳዎች ሁሉ ሠራተኞች በአንድ ጧት ሲገቡ ግን ወረፋ ይፈጠራል፤ ብዙዎችም መስኮቱ ባዶ ሆኖ ያገኙታል። እንዲህ ላለው ችግር አዲስ ኮምፒዩተር መግዛት ሁልጊዜ መፍትሔ አይሆንም። የማስረከቢያውን ቀን ለየዞኑ በተለያየ ጊዜ መመደብ የዕቅድ ክፍሉ ያለ አንዳች ወጪ ሊያደርገው የሚችለው ነገር ነው።

ስለ ማሻሻል

ከአተካከሉ ይልቅ አደጋ የሚበዛው በማሻሻል ላይ ነው። አዲስ ዋር ፋይል ሲመጣ አሮጌውን አንሥቶ አዲሱን መተካት የደቂቃዎች ሥራ ይመስላል። እንዲያውም የመረጃ ቋቱ አድራሻና የይለፍ ቃል ከዋር ፋይሉ ውጭ በተለየ ፋይል የሚጻፉት፣ ጥቅሉ ሲለወጥ እነርሱ እንዳይጠፉ ታስቦ ነው። ነገር ግን አዲሱ ፕሮግራም ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሣ በመረጃ ቋቱ ውስጥ ያሉትን ሠንጠረዦች ለራሱ እንዲስማሙ አድርጎ ይለውጣቸዋል። ከዚያ በኋላ አዲሱ ባይሠራና አሮጌው ዋር ቢመለስ፣ አሮጌው ፕሮግራም የተለወጡትን ሠንጠረዦች ላያውቃቸው ይችላል። ወደ ኋላ የሚያስመልሰው መንገድ ከለውጡ በፊት የተወሰደው የመረጃ ቋቱ ቅጂ ብቻ ነው።

ነገሩን በምሳሌ ለማሳየት፣ አንድ ባለሙያ ዓርብ ማታ፣ ማስረከቢያው ሊዘጋ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ቅጂ ሳይወስድ ፕሮግራሙን ያሻሽላል እንበል። ሠንጠረዦቹ ግማሹ ከተለወጡ በኋላ መብራት ይጠፋል። የመጨረሻው ቅጂ የተወሰደው ከአንድ ወር በፊት ከሆነ፣ በዚያ ወር ውስጥ የገባው የየትምህርት ቤቱ ቁጥር የለም ማለት ነው። ርእሰ መምህራኑ ከሩቅ ቀበሌ ወደ ወረዳው ከተማ እንደ ገና መምጣት ይኖርባቸዋል፤ የማይመጣው ትምህርት ቤት ደግሞ በዓመታዊው መጽሔት ተማሪ እንደሌለው ሆኖ ይቈጠራል፤ ወይም ያለፈው ዓመት ቁጥር ይደገምለታል። የዚህ ስሕተት ዕዳ ከሰርቨሩ ክፍል ውጭ፣ መጽሐፍ ባልደረሰው ተማሪ ላይ ይወድቃል።

ጠንቃቃ ባለሙያ በመጀመሪያ አዲሱን ፕሮግራም በሌላ የመሞከሪያ ሰርቨር ላይ፣ በእውነተኛው መረጃ ቅጂ ይሞክራል። የማሻሻያውን ሰዓት አስቀድሞ ለወረዳዎች ያስታውቃል፤ ምክንያቱም ሙሉ ቅጹ በመጨረሻ በአንድ ጊዜ የሚላክ ዓይነት ከሆነ፣ ሰርቨሩ በሥራ መካከል ሲጠፋ የሦስት ሰዓት ድካም አብሮ ይጠፋል። ቶምካትን አቁሞ ቅጂ ይወስዳል፤ ቅጂውንም በዚያው ዲስክ ላይ አይተወውም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቅጂው በእርግጥ የሚመለስ መሆኑን በመሞከሪያው ሰርቨር ላይ መልሶ ያረጋግጣል። ተመልሶ ያልታየ ቅጂ እንደ ቅጂ ሊቈጠር አይገባውም።

አለማሻሻልም የራሱ ዋጋ አለው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2021 ሎግ ፎር ጄ በተባለው፣ ብዙ የጃቫ ፕሮግራሞች በጥቅላቸው ውስጥ ይዘውት በሚዞሩት የመዝገብ መጻፊያ ረዳት ውስጥ ከባድ ቀዳዳ መኖሩ ይፋ ሆነ። አንድ የውጭ ሰው የተለየ ጽሑፍ በመላክ ብቻ ሰርቨሩን የራሱን ትእዛዝ እንዲፈጽም ሊያደርገው ይችል ነበር። ረዳቱ በዋር ፋይሉ ውስጥ ታሽጎ ስለሚገኝ፣ ብዙ መሥሪያ ቤቶች ቀዳዳው በእነርሱም ዘንድ መኖሩን ያወቁት ጥቅሉን ከፍተው ካዩ በኋላ ነበር። እንደዚሁም ቶምካት ከ10ኛው እትሙ ጀምሮ የመደበኛ ክፍሎቹ ስም ጃቫክስ ከሚለው ወደ ጃካርታ ስለ ተለወጠ፣ ለ9ኛው እትም የተዘጋጀ ዋር በ10ኛው ላይ እንዳለ ቢቀመጥ አይሠራም። ማደሪያውንና ፕሮግራሙን ሳያስማሙ አንዱን ብቻ ማደስ ከንቱ ድካም ነው።

ፊደል፣ ሰዓትና የዘመን አቈጣጠር

በአማርኛ ለሚሠራ መሥሪያ ቤት ብቻ የሚገጥሙ ጉዳዮችም አሉ። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ሥርዓት ውስጥ ስለ ገባ ጃቫ በውስጡ ያለ ችግር ይይዘዋል። ይሁን እንጂ ከፕሮግራሙ እስከ ቋቱ ካሉት ማለፊያዎች አንዱ እንኳ ዩቲኤፍ 8 በተባለው አጻጻፍ ካልተዘጋጀ፣ የትምህርት ቤቱ ስም ተከታታይ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይቀመጣል። ጥያቄ ምልክት ሆኖ የተቀመጠ ስም ደግሞ በኋላ ሊታረም አይችልም፤ እንደ ገና መጻፍ አለበት። ጃቫ ራሱ ዩቲኤፍ 8ን በሁሉም ኮምፒዩተር ላይ መደበኛ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው 18ኛ እትሙ ስለሆነ፣ በአሮጌ እትም የሚሠራ ሰርቨር ይህን በግልጽ መታዘዝ አለበት።

ጃቫ ከመደበኛ ክፍሎቹ ጋር የታይላንድን፣ የጃፓንንና የሂጅራን የዘመን አቈጣጠር ይዞ ሲመጣ የኢትዮጵያን አላካተተም። ዲ.ኤች.አይ.ኤስ. 2 ግን ኢትዮጵያዊውን አቈጣጠር ለማስመረጥ ተዘጋጅቷል። ይህን ያላሰበ ፕሮግራም ሲገዛ ጳጉሜን የት እንደሚገባ አስቀድሞ መጠየቅ ይበጃል። ብዙ ሰርቨሮች ደግሞ ሰዓታቸው ከአዲስ አበባ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ በሆነው በዓለም አቀፉ መለኪያ ይሞላል። በዚህም ምክንያት ሐምሌ 1 ቀን ከሌሊቱ 8 ሰዓት የገባ ቁጥር ሰኔ 30 ቀን እንደ ገባ ሆኖ ይመዘገባል። መድኃኒቱ ቶምካት በሚነሣበት ትእዛዝ ላይ የአዲስ አበባን የሰዓት ክልል በአንድ መስመር መጻፍ ነው።

በበጀት ረገድ ፕሮግራሙ በነጻ መገኘቱ ሊያዘናጋ አይገባም። የመሞከሪያ ሰርቨር፣ በሌላ ሕንፃ የሚቀመጥ ቅጂ፣ የመብራት መጠባበቂያና ቢያንስ ሁለት የሠለጠኑ ሰዎች በዕቅዱ ውስጥ መግባት አለባቸው። አንድ ሰው ብቻ የሚያውቀው ሰርቨር ያ ሰው ሲዛወር ባለቤት ያጣል። ስለዚህ የቶምካቱ፣ የጃቫውና የመረጃ ቋቱ እትም ቁጥር፣ ቅጂው የሚገኝበት ቦታና የአመላለሱ ቅደም ተከተል በወረቀት ተጽፎ፣ የይለፍ ቃሉም በታሸገ ፖስታ ሆኖ፣ በክፍሉ ኃላፊ ካዝና ውስጥ ይቀመጣል። ሠራተኛው በሚለወጥበት ቀንም ፖስታው ተከፍቶ ቃሉ ይለወጣል።