የዳንቴሉ ንድፍ የማይናገረው

በቦቢን የሚሠራ ዳንቴል የሚባለው፣ ክር የተጠቀለለባቸውን ጣት የሚያህሉ ቀጫጭን እንጨቶች፣ ማለትም ቦቢኖችን፣ ጥንድ ጥንድ እያደረጉ በማሻገርና በመጠምዘዝ፣ ጠጠር ባለ ትራስ ላይ በስፒል እያስያዙ የሚጎነጎን ስስ የእጅ ሥራ ነው። በብዙ የኢትዮጵያ ቤቶች የሶፋና የጠረጴዛ ልብስ ሆኖ የሚታየው ዳንቴል በአንድ ክርና በአንድ ኪሮሽ የሚሠራ ሲሆን፣ የቦቢኑ ግን ብዙ ክሮች በአንድ ጊዜ ስለሚገቡበት አሠራሩ ለሽመና ይቀርባል። ልዩነቱ ሸማኔ ድሩን ወጥሮ ማጉን ብቻ ሲያመላልስ፣ በዚህኛው ሥራ አሁን ድር የነበረው ክር ጥቂት ቆይቶ ማግ ሊሆን መቻሉ ነው። ሙያው በ16ኛው ክፍለ ዘመን በጣሊያንና በፍላንደርስ ጎልቶ የወጣ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1561 ዙሪክ ውስጥ የታተመ የንድፍ መጽሐፍ ጥበቡን ወደዚያ ያመጡት ከጣሊያን የመጡ ነጋዴዎች መሆናቸውን ይገልጻል።

ሥራው በሙሉ የቆመው በሁለት እንቅስቃሴዎች ላይ ነው። ሠራተኛዋ ትራሷ ላይ ስንትም ቦቢን ቢደረደር በአንድ ጊዜ የምታንቀሳቅሰው አራቱን፣ ማለትም ሁለት ጥንድ ብቻ ነው፤ ከአራቱ መካከል ላይ ያሉት ሁለቱ ቦታ ሲለዋወጡና ግራው በቀኙ ላይ ሲያልፍ ማሻገር ይባላል፣ በየጥንዱ ውስጥ ቀኙ በግራው ላይ ሲያልፍ ደግሞ መጠምዘዝ ይባላል። አሻግራ፣ ጠምዝዛ፣ እንደገና ካሻገረች እንደ ሸማ የተጠጋጋ ገጽ ታገኛለች፤ አሻግራና ጠምዝዛ ካቆመች ግን ክሮቹ ሰያፍ ስለሚሄዱ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ገጽ ይወጣላታል። አበባውም ቅጠሉም ከእነዚህ የሚወለድ በመሆኑ፣ ሥራውን ለመጀመር አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል፤ አስቸጋሪው ቅደም ተከተሉ ነው።

ንድፉ ቀደም ባለው ዘመን በብራና፣ ኋላም በካርቶን ላይ እየተበሳ የሚዘጋጅ ሲሆን፣ በላዩ የሚታዩት ስፒል የሚተከልባቸው ቀዳዳዎችና አልፎ አልፎ የተሰመሩ ጥቂት መስመሮች ናቸው። ይህ ንድፍ ስፒሉ የት እንደሚቆም ይናገራል እንጂ የትኛው ጥንድ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሻገር አይናገርም፤ ያንን የምታውቀው ሠሪዋ ነች፣ እርሷም የተማረችው አጠገቧ ተቀምጣ ከምትሠራ ሌላ ሴት ነው። ስለሆነም የመጨረሻዋ አዋቂ ስታልፍ ካርቶኑ በሙዚየም መሳቢያ ውስጥ ሳይበላሽ ሊቀመጥ ቢችልም፣ ዳንቴሉ ከካርቶኑ ብቻ ተነሥቶ ሊሠራ አይችልም። የቤልጅየም መምህራን ይህን ክፍተት ለመሙላት በቀለም የሚለይ ሥዕላዊ መመሪያ ያዘጋጁ ሲሆን፣ ሐምራዊ መስመር የተጠጋጋውን፣ አረንጓዴው ስሱን፣ ቀዩ ደግሞ ማሻገርና መጠምዘዝ ሁለት ሁለት ጊዜ የሚደጋገሙበትን ስፌት ያመለክታል። ይህ ቀላል የሚመስል ዘዴ ለሙያው መትረፍ ከብዙ ኤግዚቢሽን የበለጠ አገልግሏል ማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ ቀለሙም ቢሆን ክሩ ምን ያህል መወጠር እንዳለበት አያሳይም፤ ውጥረቱ በከፊል የሚመጣው ከቦቢኑ ክብደት ሲሆን፣ በእንግሊዝ ሚድላንድስ ቦቢኑ ጫፍ ላይ የዶቃ ቀለበት የሚታሰረውም ለጌጥ ብቻ ሳይሆን ክብደት እንዲጨምርና እንጨቱ ትራሱ ላይ እንዳይንከባለል ነው።

የሙያው መዳከም ምክንያት ሁሌም ማሽን እንደሆነ ይነገራል። በእርግጥም ጆን ሂዝኮት እ.ኤ.አ. በ1809 የፈጠራ መብት ያገኘበት ማሽን የዳንቴሉን መደብ፣ ማለትም አበባው የሚያርፍበትን መረብ፣ በፍጥነት ማምረት አስችሏል፤ እ.ኤ.አ. በ1813 የመጣው የጆን ሊቨርስ ማሽንም ከተሻሻለ በኋላ አበባውንም ጭምር ለማስመሰል በቅቷል። ነገር ግን ከማሽኑ በፊት የነበረውን ዘመን እንደ ወርቃማ ዘመን መቁጠር አይገባም፤ ክርና ንድፍ የሚያቀርበው ነጋዴ ትርፉን ሲወስድ፣ በፍላንደርስ የዳንቴል ትምህርት ቤቶች የድሃ ልጆች ለረጅም ሰዓት ጎንበስ ብለው ለጥቂት ሳንቲም ይሠሩ ነበር። ዛሬ ለደስታዋ የምትሠራ ሴት ሰዓቱን አለመቁጠሯ ከእነዚያ ልጆች የሚለያት ዕድል ነው።

በስሎቬኒያ የምትገኘው ኢድሪያ የተለየ መንገድ ሄዳለች። ከተማዋ ከ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የሜርኩሪ ማዕድን ሲወጣባት የኖረች ሲሆን፣ የማዕድን ሠራተኞች ሚስቶችና ልጆች የቤተሰቡን አነስተኛ ገቢ የሚደጉሙት በዳንቴል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1876 የተከፈተው የዳንቴል ትምህርት ቤትም እስከ ዛሬ ልጆችን ያስተምራል፣ የአገሪቱ የቦቢን ዳንቴል ሥራም እ.ኤ.አ. በ2018 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሰፍሯል። ለዚህ ስኬት የዳንቴሉ ባሕርይ ራሱ ረድቷል፤ የኢድሪያው በጥቂት ጥንዶች እንደ ቀጭን ጥብጣብ እየተሠራ፣ ሲጠማዘዝ ጎን ለጎን በትንሽ ሜንጦ የሚያያዝ በመሆኑ ለልጅ እጅ አይከብድም። በአንጻሩ ቫላንሲየንና ቤንሽ የተባሉት ዓይነቶች መደቡና አበባው በአንድነት፣ አንዳንዴም በመቶዎች በሚቆጠሩ ቦቢኖች የሚሠሩ ናቸው፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከተልባ ግንድ በእጅ ይፈተል የነበረው እጅግ ቀጭን ክራቸውም ዛሬ ገበያ ላይ አይገኝም። የትርፍ ጊዜ ሠሪ ቀላሉን መምረጧ ተፈጥሯዊ ቢሆንም፣ በዚህ ምርጫ ምክንያት ሙያው በጥቅሉ እያለ በጣም ረቂቁ ክፍል ብቻ ይጠፋል።

ያለቀ ዳንቴል አሠራሩን ይሸሽጋል፤ ትራስ ላይ የቀረ ያላለቀ ሥራ ግን እያንዳንዱ ክር የት እንደቆመ ያሳያል። ስለዚህ ከአያት የቀረ እንዲህ ያለ ትራስ ያላቸው ቤተሰቦችም ሆኑ ሙዚየሞች፣ ለማጽዳት ብለው ቦቢኖቹን ከመፍታታቸውና ስፒሎቹን ከመንቀላቸው በፊት፣ ሙያውን ለሚያውቅ ሰው ሊያሳዩት ይገባል።